የእማማ ጥሩዬ የኋላ ወንበር

ቤንዚንና የተረገጠ እርጥብ ሣር አብረው ሲሸቱኝ ዕድሜዬ ይጠፋብኛል። ሰውን ወደ ወጣትነቱ የሚመልሰው የእናቱ ወጥ ሽታ ነው ሲባል እሰማለሁ፤ የኔን ግን ምን ላድርገው፣ ቤንዚን ሆኖ አረፈው። ዘንድሮ በጊዮርጊስ ማግስት ጉልበቴን እያሸሁ ወደ ፈረሱ ሜዳ ስወርድ ያ ሽታ ከሩቅ ያዘኝ። ጥር ላይ እንጅባራ አመዳይ ሲጥልባት ታድራለች፤ ፀሐይዋ ወጣ ስትል አመዳዩ ይቀልጥና ሣሩ ውሃ ይላል። ፈረሶች ሲጋልቡበት የዋሉት መሬት በኮቴ ታርሷል። በዚያ ላይ የከተማው ወጣቶች የቀርቀሃ ዘንግ ተክለው፣ በየጫፉ ቀይ ጨርቅ አስረው፣ ትንንሽ መኪኖቻቸውን አሰልፈው ቆመዋል። ጨዋታው ቀላል ነው። አንድ መኪና ብቻውን ይገባል፤ በዘንጎቹ መካከል እየተጠማዘዘ ሁለት ዙር ዞሮ ይወጣል፤ ዘንግ ሳይጥል ፈጥኖ የወጣ አሸነፈ። አንዲት ልጅ በስልኳ ሰዓት ትይዛለች፤ የባጃጅ ሾፌሮች ዳር ላይ ቆመው የሰው መኪና ያማሉ። ይህን ጨዋታ በዚህ ሜዳ የጀመርነው እኛ ነን ብላቸው "አይ ጋሼ!" ብለው እንደሚስቁብኝ ስለማውቅ ዝም ብዬ አጥሩን ተደግፌ ቆምሁ።

ያን ጊዜ እንጅባራን ብዙ ሰው ቆሰበር ነበር የሚላት፤ እኔም እስከ ዛሬ ካልተጠነቀቅሁ ቆሰበር ይወጣኛል። የምኖረው ግን ዳንግላ ነበር፤ እዚያ ትምህርት ቤት ስፖርት አስተምር ነበር። ዛሬ ሆዴ ቀድሞኝ በር ሲገባ ያየ ሰው ይህን አያምንም። ዘመኑን በቁጥር ማስቀመጥ አልወድም፤ ሱሪ ከጉልበት በታች እንደ ቀሚስ የሚሰፋበት፣ ፀጉር የሚጎፈርበት፣ ሻይ በአሥራ አምስት ሳንቲም የሚጠጣበት ዘመን ነበር ልበል። መናኸሪያው ጥግ የነበረው ሙዚቃ ቤት ድምፅ ማጉያውን ወደ መንገድ አዙሮ አንድ ዘፈን ካገኘ እስክንጠላው ድረስ አይለቀንም ነበር። ከሙዚቃ ቤቱ ጎን የልብስ ሰፊው የጓደኛዬ የምናለ ሱቅ ነበረች። ምናለ ረጅምና ቀጭን ነው፤ ሲናደድ ጆሮው ሥር አንዲት ደም ሥር ትነሣለች፤ ሲስቅ ደግሞ በአፉ የያዛቸው መርፌዎች እንዳይገቡበት እንፈራለታለን። የዳንግላን ጎረምሳ ሁሉ ሱሪ ያሰፋው እሱ ነው። ሱሪህን ልትለካ ገብተህ ስለ መኪና ሲያወራልህ ይውላል። ሥራውን ጨርሶ ከተዛወረ የመንገድ ሥራ ሰው የገዛት ውሃ ሰማያዊ ቮልስ ነበረችው። እኔና ወንድሜ ደግሞ በጋራ አንዲት ያረጀች ኮሮላ ነበረችን፤ ቀለሟ ምን እንደነበረ እኛም አንስማማም።

በጊዮርጊስ ዕለት የአገሩ ፈረሰኛ በነጭ ለብሶ፣ ፈረሱን በቀይና በቢጫ ክር አሸብርቆ ሲጋልብ፣ እኛ ባለ መኪኖቹ ዳር ቆመን ምራቃችንን እንውጥ ነበር። አንድ ዓመት ምናለ አልቻለም። "ፈረስ በዞረበት ቮልስ የማይዞርበት ምን ምክንያት አለ?" አለና ወደ አንድ ትልቅ ፈረሰኛ ሄዶ ሜዳውን ለማግስቱ ለመነ። ሽማግሌው ከላይ እስከ ታች አዩትና "ፈረሱ ሲወጣላችሁ ግቡ። ዘይታችሁን ሣሩ ላይ ብታፈሱ ግን ጠባችሁ ከኔ ጋር ነው" አሉ። ከዚያ ወዲያ በየዓመቱ የበዓሉ ማግስት የኛ ሆነ። አራት ወይ አምስት መኪና እንሆናለን። ዘንጉን ከሰው ጓሮ ለምነን እንቆርጣለን፤ ዘንግ የጣለ ምሳ ይጋብዛል። እኔ ብዙ ጋብዣለሁ።

መኪናን በኋላዋ ማወቅ የተማርሁት እዚያ ሜዳ ላይ ነው። ሰው ሁሉ የሚያየው መሪውን ነው፤ ነገር የሚበላሸው ግን ከወደ ኋላ ነው። የኔዋ ኮሮላ ሁለቱ የኋላ ጎማዎቿ በአንድ ድርቅ ያለ አክስል ተያይዘው ባሌስትራ ከሚባለው ተደራራቢ ብረት ጋር ታስረዋል። እንደ ቀንበር በለው፤ አንዱ በሬ ጉድጓድ ሲረግጥ ሌላውም አብሮ ይናጣል። ኮቴ በቦጨቀው መሬት ላይ ስጠመዝዛት ኋላዋ እየነጠረ ወደ ጎን ይሄድብኛል፤ ግን ከመሄዱ በፊት በመቀመጫዬ በኩል ስለሚነግረኝ ቀስ ብዬ እመልሰዋለሁ። ቮልስ ሌላ ፍጥረት ናት። እያንዳንዱ የኋላ ጎማ ለብቻው ነው፤ መሐል ላይ ካለው የማርሽ ሳጥን፣ ከካምቢዮው ጋር እንደ ክንፍ ተጋጥሞ ወደ ላይና ወደ ታች ይላል። ጉድጓዱን እያንዳንዱ ጎማ ለየራሱ ስለሚውጠው፣ የኔ በነጠረችበት ቦታ የምናለ ቮልስ ዝም ብላ ታልፋለች። ዘንድሮ አጥሩን ተደግፌ እንዳየሁት የዛሬዎቹ ቪትዞች ደግሞ ኋላቸው ምንም ሥራ የለውም፤ የሚጎትታቸው ፊታቸው ነው። ሲጠመዘዙ አንዱን የኋላ ጎማ፣ ውሻ ግድግዳ ሲያገኝ እንደሚያደርገው፣ ከመሬት አንሥተው ያልፋሉ። ያስቃሉ፣ ግን አይወድቁም።

በኛ አገር መኪና ተገዝቶ ሲመጣ መጀመሪያ የሚደረግለት ነገር ኋላውን ማስነሣት ነው። ዛሬም እንዲሁ ነው። ድንች ይጫናል፣ ከሰል ይጫናል፣ ዘመድ ይጫናል፤ መንገዱም ሆዷን ይመታታል። ኋላዋ ዝቅ ያለች መኪና ጀርባዋ እንደ ተመታ በቅሎ ትናቃለች፤ ስለዚህ ሁሉም ባሌስትራ ያስጨምራል። ቮልስ ባሌስትራ የላትም። ክብደቷን የሚሸከመው ውስጥ ለውስጥ የሚጠመዘዝ ወፍራም ብረት ነው፤ የብረቱ ጫፍ ጥርስ ጥርስ አለው። የዳንግላው መካኒክ ያን ብረት ነቅሎ ጥርሱን አዛውሮ አስገባውና የምናለ ቮልስ ቂጧን ሰቅላ እንደ ዳክዬ ቆመች። መንደሩ ሁሉ "አሁን መኪና መሰለች!" አለ። እኔም ብያለሁ። የተሰቀለች ቮልስ ባዶዋን ስትሆን የኋላ ጎማዎቿ ከሥር ወደ ውስጥ እንደሚሰበሰቡ፣ ጉልበቱ እንደሚጋጭ ሰው እንደምትቆም፣ ያን ጊዜ ያስተዋለ አልነበረም። ባዶዋን ሆና አናውቃትማ።

ባዶዋን ያልሆነችው በእማማ ጥሩዬ ምክንያት ነው። እማማ ጥሩዬ የምናለ እናት ናቸው፤ ከአዘና በኩል ተድረው ዳንግላ የመጡ። ወፍራም ሴት ነበሩ። ወፍራም ስል የምሬን ነው፤ የዳንግላ ጋሪ ነጂዎች ከሩቅ ሲያዩዋቸው ፈረሳቸውን በሌላ መንገድ ያዞሩ ነበር። ልጃቸው መኪና ከገዛ ወዲህ ለጊዮርጊስ ዘመድ ሊጠይቁ ሲመጡ የኋላው ወንበር የሳቸው ሆነ። ቮልስ ለኋላ ሰው በር የላትም፤ የፊቱ ወንበር ታጥፎ ነው የሚገባው። እሳቸውን ማስገባት አንድ ሥራ ነው፣ ማስወጣት ሌላ ሥራ ነው። የመጀመሪያው ዓመት ጨዋታው ሊጀመር ሲል ምናለ "እማ፣ ውረጂ እንጂ" ቢላቸው፣ "አልወርድም። ብትሞትም አብሬህ ልሙት" አሉ። ይዟቸው ገባ። እሳቸው ከኋላ ለእጅ የተንጠለጠለውን ማሰሪያ ጨብጠው በአገውኛ ጊዮርጊስን እየለመኑ፣ ጠመዝማዛው ሲመጣ "ቀስ! ቀስ በል አንተ ልጅ!" እያሉ፣ ምናለ ሁላችንንም በልጦን ወጣ። በሚቀጥለውም ዓመት እንዲሁ። በሚቀጥለውም። እሳቸው ከኋላ ሲቀመጡ ቮልሷ ትረጋለች፣ ጎማዎቿ እግሩን ከፍቶ እንደ ቆመ ጎበዝ መሬቱን ይይዙታል። እኛ ይህን ሁሉ ጊዮርጊስ ነው ብለን ተቀበልነው።

ሰው ማሸነፍ ሲያበዛ ይታማል። "የእናቱ ሾፌር" የሚል ስም ወጣለት። ሱቁ ሲገቡ ሳይቀር "ዛሬ እማማ ፈቀዱልህ?" ይሉታል። ምናለ ቀልድ አዋቂ ነበር፣ ይህን ግን አልቻለውም። በመጨረሻው ዓመት እናትና ልጅ ከዳንግላ አብረው መጡ፤ ሜዳው ላይ ደርሰው ሰው ሁሉ ከቦ እያለ አንዱ ያንኑ ስም ጠርቶ ሲያሽካካ፣ የምናለ ደም ሥር ተነሣች። ወረደና የፊቱን ወንበር አጠፈው። "ውረጂ" አላቸው። "ምን አልህ?" አሉ። "ውረጂልኝ እማ፤ ዛሬ ብቻዬን ነኝ።" እማማ ጥሩዬ አልተከራከሩም። በሁለት ሰው ተደግፈው ወረዱ፣ ነጠላቸውን አስተካከሉ፣ "እንግዲያ ጊዮርጊስ ይከተልህ" አሉና ፊታቸውን ወደ አጥሩ አዙረው አለቀሱ። ያን ለቅሶ ሜዳው ሁሉ አየው።

ምናለ እንደ ሌላው ጊዜ ገባ። የመጀመሪያውን ጠመዝማዛ አለፈ። ሁለተኛው ላይ፣ ፈረሶቹ በጣም በቦጨቁት ቦታ፣ የቮልሷ ኋላ አንድ ሰው ከሥር እንዳነሣው ብድግ አለ፤ የውጭው ጎማ ወደ ውስጥ ታጠፈ፣ ጠርዙ መሬት ውስጥ ተተከለ፣ መኪናዋም በላዩ ላይ ተገለበጠች። ድምፁ ብዙ አልነበረም። ስንደርስ ምናለ ነፍሱ አለች፤ ዳሌው ግን ተሰብሮ ነበር። ከዚያ በኋላ ያለ ከዘራ አልሄደም። የስፌት መኪናውን ፔዳል መርገጥ ስላቃተው በእጅ የሚዞር ሲንጀር ቀየረ፤ ሱቁ ፊት ሳልፍ የሚሰማኝ የነበረው ያ ፈጣን የፔዳል ድምፅ ቀረ። ቮልሷ ጓሮ ገብታ ሸራ ለበሰች። ጨዋታውም በዚያው ቀረ።

"የእናት እንባ ነው" አለ ምናለ። አገሩም ይህንኑ አለ። የባሰው ደግሞ እማማ ጥሩዬም ማመናቸው ነው፤ እስኪሞቱ ድረስ "አልረገምሁትም፣ ማልቀሴ ነው እንጂ" እያሉ ለሰው ሁሉ ያስረዱ ነበር። እናትና ልጅ በአንድ ቤት ውስጥ አንዱ ሌላውን ይቅር እያለ ራሱን ግን ይቅር ሳይል ኖረ። 

እኔ ነገሩ የገባኝ ብዙ ቆይቶ፣ ወደ እንጅባራ ከተዛወርሁ በኋላ ነው። አንድ ጋራዥ ቁጭ ብዬ የኮሮላዬን ተራ ስጠብቅ የሌላ ሰው ቮልስ በክሪክ ኋላዋን ተነሣች። ጎማዎቿ ወደ ውስጥ ተሰበሰቡ። ክሪኩ ወረደ፣ ጎማዎቹ ቀና አሉ። ባለቤቷና ሦስት ዘመዶቹ ገብተው ሲቀመጡባት ደግሞ ከሥር ወደ ውጭ ተከፈቱ። እዚያው ቁጭ እንዳልሁ እማማ ጥሩዬ ታዩኝ። የዚያኑ ሳምንት ዳንግላ ወርጄ ለምናለ በእጄ መዳፍ እያሳየሁ አስረዳሁት። መኪናዋ ከኋላ ስትሰቀል ጎማው ይታጠፋል፤ እናትህ ሲቀመጡባት ይከፈታል፤ ያን ቀን ያቃናት አልነበረም፤ እንባም እርግማንም የለበትም፣ ብረት ነው አልሁት። መርፌውን በአፉ እንደያዘ ሰማኝ። ከዚያ አወጣውና፣ "እናቴ ብትቀመጥባት ኖሮ አልገለበጥም ነበር ማለት ነው?" አለ።

"አዎ! እሱን እኮ ነው የምልህ።"

"ታዲያ እኔስ ምን አልሁህ?" ብሎ ወደ ስፌቱ ተመለሰ። መፍትሔ ይዤለት ሄጄ ጥፋቱን አጥብቄበት ተመለስሁ። እናትና ልጅ ሁለቱም ዛሬ የሉም።

እንግዲህ ዘንድሮ ያን አጥር ተደግፌ ይህን ሁሉ ሳመላልስ ነው ከጀርባዬ "ጋሼ፣ አወቁኝ?" የሚል ድምፅ የሰማሁት። ዞር ስል ረጅም፣ ቀጭን ሴት። ሳትነግረኝ አወቅኋት፤ ሰናይት ናት፣ የምናለ ልጅ። አሁን እዚሁ እንጅባራ ባንክ ቤት ትሠራለች። ልጅ ሳለች አባቷ ሱቅ ከጨርቅ ቁራጭ መሐል ተቀምጣ አይቻታለሁ። ከኋላዋ ያቺ ውሃ ሰማያዊ ቮልስ ቆማለች። 

"አስጠገንኋት" አለች። "አክስቶቼ የአባትሽን ዳሌ የሰበረችውን እንዴት ትነጃለሽ ብለው ከኔ ጋር መነጋገር አቁመዋል። እኔ ደግሞ አንድ ነገር ማወቅ ፈልጌ ነው። እርስዎ ያን ቀን ነበሩ። አባቴን የገለበጠው የአያቴ እንባ ነው የሚሉት እውነት ነው? ከሆነ ሄጄ እሸጣታለሁ፣ ቤታችን ውስጥ እርግማን አላሳድርም። ካልሆነ ደግሞ ዛሬ በዚህ ሜዳ እነዳታለሁ፤ ቀጥሎ ተራው የኔ ነው።"

እኔ የማየው ግን ፊቷን አልነበረም። ቮልሷ ቂጧን ሰቅላ እንደ ዳክዬ ቆማለች።

"ማነው እንዲህ ያስነሣት?"

"እንደ አባቴ ትሁን ብዬ ነዋ! መካኒኩ ብረቱ ላይ ያረጀ ምልክት አገኘ፤ እዚያው ጥርስ ላይ አስመለስሁት።"

"እንዲህ ሆና ብቻሽን አትገቢባትም።"

ፊቷ ተለወጠ። "እርስዎም እንደነሱ ሊሆኑ ነው?"

"ቁጭ በይ" አልኋት። "ሣሩ ላይ ቁጭ በይና የኋላ ጎማውን እዪ።" እሷ ከመኪናዋ ኋላ ቁጢጥ አለች፤ እኔ የፊቱን ወንበር አጥፌ፣ ሆዴን አስቀድሜ፣ ጉልበቴን እየረገምሁ ገባሁና እማማ ጥሩዬ ይቀመጡበት የነበረው ቦታ ላይ ዘጭ አልሁ። መኪናዋ ረጋ አለች። "ይውረዱ እስቲ" አለች ከውጭ። ወረድሁ። "ደግመው ይግቡ።" ደግሜ ገባሁ። ትንሽ ቆይታ በመስኮቱ በኩል ብቅ ስትል ዓይኗ ውሃ ሞልቷል።

"ክብደቷ ነው" አለች። "አያቴ ናት የያዘቻት።"

"እሳቸው ናቸው። ብረቱም ይህንኑ ይላል፣ አባትሽም ይህንኑ ነበር የሚለው። እርግማን ግን የለበትም። ነገ ጥርሱን ዝቅ እናስደርገዋለን።"

"ዛሬስ? ድንች ልጫንባት?"

"ድንች ሲጠመዘዝ ይንከባለላል። እኔ አንዴ ከተቀመጥሁ አልንከባለልም። ደግሞም መውረድ ደክሞኛል፤ ቀስ ብለሽ ግቢ።"

ሰዓት ያዧ እጇን ጣለች፤ ሰናይት ገባች። እማማ ጥሩዬ ይይዙት የነበረውን ማሰሪያ ጨብጫለሁ። የመጀመሪያውን ጠመዝማዛ በጥንቃቄ አለፈች። ሁለተኛው ሲመጣ፣ ያ ቦታ ሲመጣ፣ አፌ ከኔ ሳይፈቀድለት "ቀስ! ቀስ በል አንተ ልጅ!" አለ። ኋላው ዝቅ አለ፣ ጎማው መሬቱን ያዘ፣ ቀይ ጨርቁ በመስኮቱ ሥር ሳይነካን አለፈ። እንዲህ እያለች ዘንግ ሳትጥል አንዱን ዙር ጨርሳ መነሻው ላይ ስትደርስ ከባጃጆቹ በኩል አንዱ ጮኸ።

"ኧረ ሽማግሌ ጭና ነው የምትነዳው! የጋሼ ሾፌር!"

ሜዳው ሁሉ ሣቀ። ሰናይት ፍሬን ያዘች። በመስታወቱ አየኋት፤ ጆሮዋ ሥር ያቺ ደም ሥር ተነሥታለች። እኔ ያቺን ደም ሥር አውቃታለሁ። በወጣትነቴ ያየሁትን በዕድሜዬ ማብቂያ ድጋሚ ላየው ነው ብዬ ልቤ ፈራ። ከመባረር በራስ ፈቃድ መውረድ ይሻላልና፣ የፊቱን ወንበር ለማጠፍ እጄን ዘረጋሁ።

"ልውረድልሽ፣ ልጄ?"

እጇን ወደ ኋላ ሰድዳ ወንበሩን በመዳፏ ተጭና ወደ ቦታው መለሰችው።

"አይውረዱ ጋሼ፣ አንድ ዙር ይቀረናል" አለችና ማርሽ አስገባች።